አፈርን የመረመረው ኩሎም

ኩሎም ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የኤሌክትሪክ ሕግ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሊቅ ያን ሕግ በ1785 ከመግለጹ 12 ዓመት አስቀድሞ ስለ አፈር ጽፎ ነበር።

ሻርል ኦጉስቲን ኩሎም በፈረንሳይ አገር በአንጉሌም ከተማ በ1736 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ተወለደ። በ1761 በሜዚየር ከነበረው የጦር መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ተመርቆ ወጣ። በ1764 ወደ ማርቲኒክ ደሴት ተልኮ የቡርቦንን ምሽግ አሠራ። በዚያም 8 ዓመት ያህል ሲደክም ጤናው ተጎዳ።

በምሽግ ሥራ አስጨናቂው ነገር ከኋላው አፈር የተሞላበት ግንብ ነው። ግንቡ ከቀጠነ አፈሩ ገፍቶ ይጥለዋል፤ ያለ ልክ ከወፈረም ድካሙና ገንዘቡ በከንቱ ያልቃል። ኩሎም ይህን ለግምት መተው አልወደደም። በ1773 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ጽሑፍ፥ አፈርን ከመናድ የሚያግዱት ሁለት ነገሮች መሆናቸውን አስረዳ፤ እነዚህም የአፈሩ እርስ በርስ መያያዝና ፍትጊያ ናቸው። ፍትጊያውም በተጫነው ኃይል ልክ ያድጋል። ደረቅ አሸዋ መያያዝ ስለሌለው የሚቆመው በፍትጊያ ብቻ ነው፤ በአውድማ ላይ ያለ የእህል ክምርም ከልኩ በላይ ሲቆለል የሚንሸራተተው ስለዚሁ ነው። ቀጥሎም ከግንቡ ኋላ ሊናድ ከሚችለው ሽብልቅ መሰል አፈር መካከል ከሁሉ ይበልጥ የሚገፋውን በሒሳብ ለየ።

በ1781 የአካዳሚው አባል ሆነ፤ በ1806 በፓሪስ አረፈ። ዛሬም የአሸዋንና የአፈርን ጠባይ በኮምፒዩተር የሚያሰሉ መሐንዲሶች ይህን ሕግ ይጠቀሙበታል። ኩሎም ጥያቄውን ያገኘው ከቁፋሮውና ከግንቡ ሥር ቆሞ ነው፤ ከመጽሐፍ ቀና ለማንል ለእኛ ለተማሪዎች ይህ ትምህርት ይሁነን።