ከከብት መኖ ውስጥ ዕውቀት የለቀመው ሊቅ

ሰው ሩቅ አገር ሲሄድ በሩ ሁሉ ተከፍቶ አይጠብቀውም። የስዊድኑ የዕፀዋት ሊቅ ካርል ፒተር ቱንበርግ ጃፓን ሲደርስ የጠበቀው የተዘጋ በር ነበር።

ቱንበርግ የተወለደው በ1743 ዓ. ም. ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ከስመ ጥሩው ሊቅ ከካርል ሊኔዎስ ዘንድ ሕክምናንና የዕፀዋትን ትምህርት ተማረ። በዚያ ዘመን ጃፓን ከአውሮፓውያን መካከል የምትቀበለው የሆላንድን ነጋዴዎች ብቻ ነበር። ስለዚህ ወጣቱ በ1772 ወደ ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ሄዶ ሦስት ዓመት ያህል ዕፀዋት እየሰበሰበ የሆላንድን ቋንቋ አጠና። ከዚያም የሆላንድ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሐኪም ሆኖ በ1775 ናጋሳኪ ደረሰ።

ነጋዴዎቹ የሚኖሩት ዴጂማ በምትባል ትንሽ ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ነበር። ከከተማው ጋራ የሚያገናኛት አንድ ድልድይ ብቻ ሲሆን፥ በዚያም ዘበኛ ስለሚቆም ያለ ፈቃድ መውጣት አይቻልም። የማዶው ኮረብታ በዕፀዋት ተሸፍኖ ይታየዋል፤ ሊደርስበት ግን አልተፈቀደለትም።

ቱንበርግ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ለደሴቲቱ ከብቶች ከማዶ የሚመጣውን ሣር እየበተነ፥ አይቷቸው የማያውቃቸውን ቅጠሎችና አበቦች ለቅሞ ያደርቅ ጀመር። ጃፓናውያን አስተርጓሚዎች የሕክምና ዕውቀት እንደ ተጠሙም ስለ ተረዳ፥ ቂጥኝን በባዜቃ የማከም ዘዴ አስተማራቸው። ይህ ሕክምና ዛሬ የተተወ ቢሆንም በዚያን ጊዜ እጅግ የሚፈለግ ነበር። እነሱም በፈንታው ዕፀዋት ያመጡለት ነበር። ውሎ አድሮም በናጋሳኪ ዙሪያ እንዲዘዋወር ተፈቀደለት።

በ1776 ከኩባንያው አለቃ ጋራ ወደ ኤዶ፥ ማለት ወደ ዛሬዋ ቶኪዮ ተጓዘ። የሐኮኔን ተራራ ሲወጡ በእግሩ እየቀደመ፥ አጃቢዎቹ እያለከለኩ እስኪደርሱበት ድረስ ቅጠሉን ይሰበስብ ነበር። በኤዶም ናካጋዋ ጁንአንና ካፁራጋዋ ሆሹ የተባሉ ሐኪሞች እየመጡ ሕክምናን ይጠይቁት፥ እሱም ስለ አገራቸው ዕፀዋት ከእነሱ ይማር ነበር። ከተለያዩም በኋላ በደብዳቤ ተገናኝተዋል።

በ1779 አገሩ ሲገባ መምህሩ ሊኔዎስ ባለፈው ዓመት ሞቶ ስለ ነበረ፥ የልፋቱን ፍሬ ሊያሳየው አልታደለም። በ1784 ግን የጃፓንን ዕፀዋት የሚዘረዝረውን ፍሎራ ያፖኒካ የተባለ መጽሐፉን በላቲን አሳተመ፤ በዚያው ዓመት የመምህሩን ወንበር ወረሰ። በ1828 በ84 ዓመቱ ዐረፈ።

በጃፓን የቆየው ከአንድ ዓመት እምብዛም ያልበለጠ ጊዜ ነው። ምቹ ቀንና ሰፊ በጀት እስኪገኝ ሥራውን ለሚያቆይ ወጣት የዚያ የከብት ሣር ታሪክ ብቻውን ይበቃዋል።