የጥልቁን ባህር ድምፅ ያደመጡት ሞሪስ ኢዊንግ

አሜሪካዊው የጂኦፊዚክስ ሊቅ ዶክተር ሞሪስ ኢዊንግ እ.ኤ.አ. በ1906 ከባህር እጅግ በራቀችው የቴክሳስ ከተማ ሎክኒ ተወለዱ።

በ1930ዎቹ መገባደጃ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያለ ገመድ ወደ ባህር ወለል የሚሰጥም መሣሪያ ሠሩ። መሣሪያው ሥራውን ሲጨርስ ክብደቱን ጥሎ በቤንዚን በተሞላ ተንሳፋፊ አማካይነት ይመለሳል፤ ቤንዚን ከውሃ ይቀላል፣ እንደ አየርም በግፊት በቀላሉ አይታመቅምና።

በ1944 በባሃማስ አካባቢ በተካሄደው ሙከራቸው በውሃ ውስጥ የፈነዳ አነስተኛ ፈንጂ ከ1 ሺህ 400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ተሰማ። ምስጢሩ ድምፅ በ1 ሺህ ሜትር ገደማ ጥልቀት ፍጥነቱ ዝቅ ስለሚል ሳይበተን እንደ ቦይ በሚመራው የውሃ ንጣፍ ውስጥ መጓዙ ነው። የሩቅ መርከቦች ጩኸት ወደ ጥልቁ ባህር የሚዘልቀው በዚሁ መስመር ሲሆን፣ የውቅያኖስን ድምፅ ለወራት የሚቀዱ ሰው አልባ መሣሪያዎችም ዛሬ በዚያው ጥልቀት ይተከላሉ።

ባህሩ ግን ዋጋ አስከፍሏቸዋል። በጥር 1954 ቬማ ከተባለችው የምርምር መርከብ እርሳቸውን፣ ወንድማቸውንና ሁለት መርከበኞችን ማዕበል ጠርጎ ወሰዳቸው። ከአራቱ አንደኛው መርከበኛ አልተረፈም፤ ኢዊንግም ከደረሰባቸው ጉዳት የተነሳ እስከ ዕለተ ሞታቸው አነከሱ። ሆኖም ወደ ባህር መውጣታቸውን አላቋረጡም።

ዶክተር ኢዊንግ በ1974 በቴክሳስ ጋልቨስተን ከተማ በ67 ዓመታቸው አርፈዋል።