ሉዊ ፓስተር እና የአባ ሰንጋ ምስጢር

በዶሃ አል አስማኽ ሠፈር ወተት የሚገዛ ሰው በማሸጊያው ላይ ሙበስተር የሚል የዐረብኛ ቃል ሊያነብ ይችላል፤ ጀርሙ በሙቀት የተገደለ ማለት ነው። በአዲስ አበባ ጉለሌ የሚገኘው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም በሕዝብ ዘንድ እስከ ዛሬ ፓስተር እየተባለ ይጠራል። ሁለቱም ስያሜዎች የተወረሱት ከአንድ ፈረንሳዊ ነው። ይህ ሰው ይበልጥ የሚታወቀው በወተትና በእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቢሆንም፣ ከብት ላለው ሰው ከሁሉ የሚቀርበው ግን በአባ ሰንጋ ላይ የሠራው ሥራ ነው።

ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 27 ቀን 1822 በምሥራቅ ፈረንሳይ በዶል ከተማ ተወለደ። አባቱ በናፖሊዮን ጦር ውስጥ ያገለገለ፣ በኋላም ቆዳ በማልፋት የሚተዳደር ሰው ነበር። ልጁ የተማረው ኬሚስትሪ ነው፤ ሐኪምም የእንስሳት ሐኪምም አልነበረም። ከአምስት ልጆቹ ሦስቱን ገና በለጋ ዕድሜያቸው ቀበረ። በ1868 በ45 ዓመቱ የአንጎል ደም መፍሰስ መትቶት ግራ ጎኑ ሰነፈ። ከብትን የሚገድሉ ጀርሞችን መመርመር የጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ፈረንሳዮች አባ ሰንጋን ከሰል፣ ዐረቦች ደግሞ ክፉ ፍም ብለው ይጠሩታል፤ በሽታው በሰው ቆዳ ላይ የሚያወጣው ቁስል መሐሉ ስለሚጠቁር ነው። በዘመኑ የፈረንሳይ እረኞች የተረገሙ የሚሏቸው መስኮች ነበሩ፤ በዚያ የተሰማራ መንጋ ያልቃልና። በ1876 ጀርመናዊው ሮበርት ኮህ፣ የበሽታው ባክቴሪያ ክፉ ጊዜ ሲመጣበት በጠንካራ ቅርፊት ተጠቅልሎ እንደሚያንቀላፋ አሳየ። ይህም ስፖር ይባላል። ፓስተር ደግሞ በበሽታው ሞተው የተቀበሩ በጎች ካሉበት መሬት ስፖሩን ወደ ላይ የሚያወጡት የምድር ትሎች መሆናቸውን ገለጸ። እርግማን የተባለው ነገር አፈር ውስጥ የሚኖር ጀርም ሆኖ ተገኘ።

ፓስተር ባክቴሪያውን ከ42 እስከ 43 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ሲያቆየው ስፖር መሥራት እንደሚያቆምና ቀስ በቀስ እንደሚደክም አስተዋለ። በ1881 በፑዪ ለ ፎር መንደር፣ በአንድ የእንስሳት ሐኪም እርሻ ላይ፣ በሕዝብ ፊት እንዲያረጋግጥ ተጠየቀ። 24 በጎች፣ 1 ፍየልና 6 የቀንድ ከብቶች ሁለት ጊዜ ተከተቡ፤ 24 በጎች፣ 1 ፍየልና 4 የቀንድ ከብቶች ሳይከተቡ ቀሩ። ሜይ 31 ቀን ሁሉም ገዳዩን ባክቴሪያ ተወጉ። ጁን 2 ቀን ሕዝብ ሲሰበሰብ የተከተቡት ቆመው ሲግጡ ታዩ። ያልተከተቡት በጎችና ፍየሏ ቀኑ ሳይመሽ አለቁ፤ ያልተከተቡት የቀንድ ከብቶች አባብጠው በትኩሳት ቢሠቃዩም ተርፈዋል።

ይሁንና ታሪኩ እንከን የለሽ አልነበረም። ፓስተር በይፋ ያወራው በሙቀትና በአየር ስለ ማዳከም ሲሆን፣ በዚያ ቀን የዋለው ክትባት ግን ረዳቱ ሻርል ሻምበርላን በኬሚካል ያዳከመው ነበር። በኬሚካል የማዳከምን መንገድ ከእነርሱ አስቀድሞ የሞከረው የቱሉዙ የእንስሳት ሐኪም አንሪ ቱሴን ነበር፤ የሚገባውን ክብር ሳያገኝ በ1890 ሞተ። እውነቱ በሰፊው የተጠናው የፓስተር የላቦራቶሪ ደብተሮች ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ለተመራማሪዎች ሲከፈቱ ነው።

ፓስተር በ1885 የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን በሰው ላይ ተጠቀመ፤ በ1888 በስሙ የተጠራው ተቋም በፓሪስ ተከፈተ። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1895 ሲያርፍ፣ ሙቀቱ ከባክቴሪያው ላይ ምን እንደ ወሰደ አላወቀም ነበር። ዘረመል የሚባለው ዕውቀት ገና አልተወለደም።

መልሱ የመጣው አንድ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ከዋናው ዲኤንኤው ሌላ ፕላዝሚድ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ የዲኤንኤ ቀለበቶች አሉት። አንደኛው መርዙ የሚሠራበትን ትእዛዝ ይይዛል፤ ሁለተኛው ደግሞ ባክቴሪያውን ከእንስሳው የመከላከል ኃይል የሚሰውረውን ሽፋን ትእዛዝ። በ1983 ተመራማሪዎች ባክቴሪያው በፓስተር ሙቀት ደጋግሞ ሲራባ የመርዙን ቀለበት እንደሚጥል አሳዩ። ነገር ግን ሰውነት መከላከልን የሚማረው ከመርዙ አንድ ክፍል ነው፤ ቀለበቱን ፈጽሞ የጣለ ባክቴሪያ አይገድልም፣ አያስተምርምም። ስለዚህ የፓስተር ክትባት ቀለበቱን የጣሉና ያልጣሉ ባክቴሪያዎች ድብልቅ የነበረ ይመስላል። አንድ ጊዜ ደክሞ ሌላ ጊዜ በርትቶ ባለ ከብቶችን ያስቸገረውም በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

በ1930ዎቹ በደቡብ አፍሪካ ማክስ ስተርን ሽፋን የሌለውን ዝርያ ለየ። ሽፋን የጠፋው ሁለተኛው ቀለበት በመጥፋቱ እንደ ሆነ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ይህ ዝርያ መርዙን ስለሚሠራ ሰውነትን ያስተምራል፤ መሰወር ስለማይችል ግን አይበረታም። ዛሬ በብዙ አገሮች ከብት የሚከተበው በዚሁ ነው፤ በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም የአባ ሰንጋ ክትባት ያመርታል።

ክትባቱ ግን አፈር ውስጥ ያንቀላፋውን ስፖር አያጠፋም፤ ስፖሩ አሥርት ዓመታት ይቆያል። ከባሕር ማዶ በተላከ ገንዘብ የተገዛ በሬ በድንገት ወድቆ ከአፍንጫው የማይረጋ ደም ሲፈስ፣ ኪሳራው እንዳይከፋ ሥጋውን መቀራመትና ቆዳውን መግፈፍ የሚያጓጓ ነው። ሬሳው ሲከፈት ግን ባክቴሪያው አየር አግኝቶ ስፖር ይሠራል፤ ያረደው፣ የገፈፈውና የበላው ሰው ይታመማል፤ መስኩም ለሚመጣው መንጋ ወጥመድ ይሆናል። እንዲህ ያለ ከብት ሳይከፈት ለእንስሳት ሐኪም ይነገራል፤ ከዚያም ይቃጠላል ወይም በጥልቅ ይቀበራል። የቀሩትም በጊዜው ይከተባሉ።