ከሂርማታ ገበያ እስከ አፍሪካ ዋንጫ፦ የይድነቃቸው ተሰማ ሕይወትና ሥራ

ጅማ ከከተማነቷ በፊት በገበያዋ ትታወቅ ነበር። በጅሬን ቤተ መንግሥት አቅራቢያ በየሐሙሱ ይቆም የነበረው የሂርማታ ገበያ ከከፋ፣ ከሊሙ፣ ከሸዋና ከጎጃም የሚመጡ ነጋዴዎችን ያገናኝ ነበር። የሲራራው መንገድ ዐባይን ተሻግሮ በጎጃሙ የባሶ ገበያ በኩል ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይዘልቃል። በሂርማታ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና አሞሌ ጨው ይገበያዩበታል፤ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥበት ነበር። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1870ዎቹ ለምኒልክ በሰላም ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን በመጠበቃቸው ገበያው ከጦርነት ጥፋት ተርፎ ሰፋ።

ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. የተወለዱት በዚችው ጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዜማቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ቀዳሚ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ይድነቃቸው ግን ስማቸውን ያስጠሩት በእግር ኳስ ነው። በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ገና በወጣትነታቸው ተቀላቅለው ከ20 ዓመት በላይ ተጫወቱለት።

የተጫዋችነታቸው ጅማሬ ከጣሊያን ወረራ ጋር ተገጣጠመ። ወራሪው መንግሥት መኖሪያውንም ስፖርቱንም በዘር ለይቶ ኢትዮጵያውያን ከነጮች ጋር እንዳይጋጠሙ አደረገ። ከነጻነት በኋላ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከእንግሊዝ ወታደሮች፣ ከጣሊያኖች፣ ከአርመኖችና ከግሪኮች ቡድኖች ጋር በአንድ ሜዳ ተሰለፈ። ይድነቃቸው በ1940 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የፈረንሳይ ሶማሌ ላንድን 5 ለ 0 ባሸነፈችበት የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ግጥሚያም ተጫውተዋል።

በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ኢትዮጵያን ከወከሉት አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጮችንና ጥቁሮችን ቀላቅላ ለማሰለፍ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ወጣች። በዚህም ተጋጣሚዋ ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በ1954 ዓ.ም. ግን በይድነቃቸው አሠልጣኝነት በአዲስ አበባ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትታ ዋንጫውን ወሰደች። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ነበር፤ በወረራው ዘመን ሕግ የተለያዩት ሕዝቦች ልጅ የአገሪቱን ቡድን መራ።

ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም ለሚሉ ወገኖች መልሳቸው ግልጽ ነበር፦ ተጫዋችን በቆዳው ቀለም የሚለይ ማኅበር ፖለቲካን ወደ ሜዳ ያስገባው ራሱ ነው። ይህ አቋም ከሌሎች አፍሪካውያን ትግል ጋር ተደምሮ በ1968 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን ከፊፋ አስወጣ። ዋጋም ነበረው፤ እገዳው በዚያች አገር የሚኖሩ ጥቁር ተጫዋቾችንም ከዓለም መድረክ አራቀ። ሆኖም ይድነቃቸው ከአቋማቸው አልተናወጡም።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ሲያርፉ የዘር አገዛዙ ገና አልወደቀም ነበር። በ1988 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ልጆቿን በአንድ መለያ አሰልፋ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች። በካርቱም የተጠየቀችውን ስትፈጽም 39 ዓመት አልፎ ነበር።