ሃርቪ ኩሺንግና በአየር የሚነፋው ማሰሪያ

ዶክተር ሃርቪ ኩሺንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1869 በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ከሐኪሞች ቤተሰብ ተወለዱ። ስማቸው በይበልጥ የሚነሣው በአንጎል ቀዶ ሕክምና ነው። ሆኖም ለእጅና ለእግር ቀዶ ሕክምና የምንጠቀምበት በአየር የሚነፋው ቱርኒኬትም የእርሳቸው ውጤት ነው።

በሃርቫርድ የሕክምና ተማሪ ሳሉ ኤተር እንዲሰጡት የታዘዙለት አንድ በሽተኛ ሞተባቸው። ሐዘናቸው ሙያውን ለመተው እስከ ማሰብ ያደረሳቸው ቢሆንም፣ በኋላ ከክፍል ጓደኛቸው ከኧርነስት ኮድማን ጋር የደነዘዘ በሽተኛ የልብ ምትና አተነፋፈስ በየጊዜው የሚመዘገብበትን ሠንጠረዥ አዘጋጁ። ከዚያ ወዲህ መለካትና መመዝገብ የሥራቸው መሠረት ሆነ።

በዚያ ዘመን ደም የሚታገደው ጀርመናዊው ኤስማርክ በ1873 ባስተዋወቁት የጎማ ጥቅል ነበር። ጎማው ደሙን ቢያቆምም ምን ያህል እንደሚጫን ስለማይታወቅ ቆዳንና ነርቭን ይጎዳ ነበር። ኩሺንግ በ1901 በጣሊያን በፓቪያ የሪቫ ሮቺን የደም ግፊት መለኪያ አይተው ወደ ባልቲሞር ይዘውት ተመለሱ። በ1904ም ግፊቱ በመለኪያ የሚነበብ፣ በፍጥነትም የሚለቀቅ በአየር የሚነፋ ማሰሪያ ለሙያ ባልደረቦቻቸው አቀረቡ።

መለኪያው ግን የአየሩን ግፊት እንጂ ከማሰሪያው ሥር ያለውን አያሳይም። አልኮል ወይም አዮዲን ያለበት የቆዳ ማጽጃ ፈሳሽ ወደ ውስጥ ሰርጎ ጥጡን ካራሰው፣ መድረቂያ አጥቶ በግፊት ቆዳው ላይ ተጣብቆ ይቆያል፤ ቆዳውንም ያቃጥላል። ማሰሪያው ሲፈታ ቆዳው ቀልቶ ወይም ውኃ ቋጥሮ ይገኛል። የተጨማደደ ጥጥም፣ ከተነፋ በኋላ የተጠማዘዘ ማሰሪያም ቆዳን ይቆነጥጣል፣ ይልጣል።

መከላከያው ቀላል ነው። ለአካሉ ልክ የሆነ ማሰሪያ መምረጥ፤ ከሥሩ ደረቅና ያልተጨማደደ ጥጥ ማድረግ፤ ቆዳው በፈሳሹ ከመታጠቡ በፊት የማሰሪያውን ታችኛ ጠርዝ ውኃ በማያስገባ ተለጣፊ መሸፈን፤ ጥጡ ከራሰ ሳይነፉ መለወጥ፤ ግፊቱንና ሰዓቱን መመዝገብ፤ በመጨረሻም ማሰሪያውን ፈትቶ ቆዳውን መመርመር ናቸው።

ኩሺንግ በ1939 በኒው ሄቨን አረፉ። በተማሪነታቸው የጀመሩት ምዝገባ ግን ዛሬም በየቀዶ ሕክምና ክፍሉ ይሠራበታል። በዚያ ወረቀት ላይ ከግፊቱና ከሰዓቱ ጎን የቆዳው ሁኔታ፣ ከማሰር በፊትና ከመፍታት በኋላ፣ ሊጻፍ ይገባዋል። የደነዘዘ ሰው አቃጠለኝ ብሎ ሊናገር አይችልምና።