ቫኒላን ለዓለም ያዳረሰው የ12 ዓመት ልጅ

የቫኒላ አይስክሬም ወይም ኬክ ያልቀመሰ ሰው ያለ አይመስለንም። ቫኒላ የኦርኪድ አበባ ፍሬ መሆኑንስ ስንቶቻችን እናውቃለን? ይህ አበባ ከትውልድ ሀገሩ ሜክሲኮ ወጥቶ በሌላው ዓለም በብዛት እንዲያፈራ መንገዱን የከፈተው ደግሞ በባርነት ይኖር የነበረ የ12 ዓመት ልጅ ነው። ስሙ ኤድሞንድ አልቢየስ ይባላል። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ያበሽቃልም።

ኤድሞንድ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1829 በሕንድ ውቅያኖስ ላይ በምትገኘው ሬዩኒየን ደሴት፣ ሳንት ሱዛን በተባለ ቦታ ነው። ደሴቷ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ ያኔ ስሟ ቡርቦን ነው። እናቱ እሱን ስትወልድ ሞተች። እሷ ባሪያ ስለነበረች እሱም ከተወለደባት ቀን ጀምሮ ባሪያ ሆነ። ባሪያ የቤተሰብ ስም እንኳን አይሰጠውም ነበርና በቃ ኤድሞንድ ብቻ ተባለ።

ያሳደገው ፌሬኦል ቤሊዬ ቦሞን የተባለ የእርሻ ባለቤት ነው። ሰውዬው አትክልትና አበባ ነፍሱ ነበር። በአትክልት ቦታው ሲዘዋወር ልጁን ያስከትለዋል። ኤድሞንድ ትምህርት ቤት ባይገባም፣ እየተከተለ በማየት ብቻ የእፅዋትን ነገር አወቀ። ጌታው የሐብሐብ ዘር ወንዴና ሴቴ አበባ በእጅ እንዴት እንደሚዳቀል ያሳየው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ቫኒላ እንምጣ። የቫኒላ ሐረግ ደሴቷ ላይ የደረሰው በ1820 አካባቢ ነው። ሐረጉ ያድጋል፣ ያብባል፣ ፍሬ ግን የለም! ለምን? በሜክሲኮ ንቦች ሥራውን ይሠሩለታል፤ ሬዩኒየን ላይ ግን እነዚያ ንቦች የሉም። አበባው ብቻውን እንዳይችል ደግሞ ወንዴውንና ሴቴውን የምትለይ ስስ ሽፋን መሃል ላይ አለች። አበባው የሚቆየውም ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ጠዋት ይከፈታል፣ ካልተዳቀለ ይረግፋል።

በ1836 ሻርል ሞረን የተባለ የቤልጂየም የእፅዋት ሳይንቲስት ቫኒላን በእጅ አዳቅሎ ፍሬ አግኝቷል። ዘዴው ግን አስቸጋሪ ስለነበር ወደ ገበሬው አልወረደም።

በ1841 ቤሊዬ ቦሞን እንደ ልማዱ ከኤድሞንድ ጋር በአትክልት ቦታው ሲዘዋወር ለ20 ዓመት ያህል አፍርቶ በማያውቀው ሐረግ ላይ ሁለት ፍሬ ተንጠልጥሎ አየ። ደነገጠ። ኤድሞንድ ያዳቀልኩት እኔ ነኝ አለው። ሰውዬው አላመነም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ሌላ ፍሬ ሲያይ እስቲ አሳየኝ አለ።

ልጁም አሳየው። አበባውን ከፈት አደረገ፣ በቀጭን እንጨት ሽፋኗን ወደ ላይ ገፋ አደረጋት፣ ከዚያ በአውራ ጣቱ የወንዴውን ዱቄት ከሴቴው ጋር አገናኘው። አለቀ። የሴኮንዶች ሥራ ነው!

ወሬው ደሴቷን አዳረሰ። ኤድሞንድ ከእርሻ እርሻ እየተላከ ሌሎችን አስተማረ። ባለእርሻዎቹ ሀብታም ሆኑ፤ የሬዩኒየን ቫኒላ ምርት በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሜክሲኮን በለጠ። ዘዴው ወደ ማዳጋስካርም ተሻገረ፤ ዛሬ በዓለም ቀዳሚዋ የቫኒላ አምራች ማዳጋስካር ናት።

ልጁስ? ምንም።

በታኅሣሥ 1848 በደሴቷ ባርነት ሲቀር ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች ነፃ ወጡ፤ ኤድሞንድም አልቢየስ የሚለውን የቤተሰብ ስም ያኔ አገኘ። ነፃነቱ ግን መሬትም ገንዘብም አልነበረውም። ወደ ዋና ከተማዋ ሳን ዴኒ ሄዶ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀጠረ። በኋላም በጌጣጌጥ ስርቆት ተከሶ እስር ተፈረደበት። ቤሊዬ ቦሞን ይህ ሰው ለደሴቷ የዋለው ውለታ ይታሰብለት ብሎ ለመነለትና የፍርዱ ጊዜ ሳያልቅ ተፈታ።

ይህ ሳያንስ ግኝቱንም ሊነጥቁት ሞከሩ። የሳን ዴኒ የእፅዋት ማዕከል ኃላፊ የነበረው ዣን ሚሼል ክሎድ ሪሻር ዘዴውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ልጁ አይቶ ነው የቀዳው ብሎ ተነሣ። የተማረና የተከበረ ሰው ነዋ! አንድ የቀድሞ ባሪያ ይህን ብቻውን ያገኛል ብሎ ማመን ለብዙዎች ከብዷቸው ነበር። ለኤድሞንድ የቆመለት አሁንም ቤሊዬ ቦሞን ነው፤ እውነቱን በደብዳቤ ጽፎ አስቀመጠ። ዛሬ ታሪኩን የምናውቀው በዚያ ምክንያት ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ይሄ ደጋፊው ራሱ በባርነት ይዞት የነበረ ሰው ነው፤ የኤድሞንድ ቃል ብቻውን አይበቃም ነበር ማለት ነው።

ኤድሞንድ አልቢየስ በነሐሴ 1880 በተወለደባት ሳንት ሱዛን ሆስፒታል ውስጥ በድህነት ሞተ። ዛሬ በዚያች ከተማ ሐውልት ቆሞለታል። ደግ ነው፣ ግን ዘገየ።

እውነተኛ ቫኒላ ከሳፍሮን ቀጥሎ በዓለም በጣም ውድ ከሚባሉት ቅመሞች አንዱ ነው። ውድ የሆነበት አንዱ ምክንያት እስካሁን ድረስ እያንዳንዱ አበባ በሰው እጅ የሚዳቀል መሆኑ ነው፤ በዚያው በኤድሞንድ ዘዴ፣ በቀጭን እንጨትና በአውራ ጣት። ከ180 ዓመት በላይ አልፎም ከዚያ የተሻለ አልተገኘም።

እንግዲህ የእፅዋት ማዕከል ገብታችሁ ያበበ ኦርኪድ ፊት ሰልፊ ስትነሡ፣ ይህን ልጅ አስታውሱት። ስሙን ለጓደኛም ንገሩ፦ ኤድሞንድ አልቢየስ።