አባ መሐሪና የሰንበት ዕረፍት

የአባ መሐሪን ስም ከሽማግሌዎቻችን ሰምተነዋል፤ ታሪካቸውን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

አባ መሐሪ በጎንደር አገር የነበሩ የቤተ እስራኤል መነኩሴ ናቸው። ዘመኑ የአፄ ቴዎድሮስ ነው። ከአውሮፓ የመጡ ሚስዮናውያን ሕዝባችንን ሃይማኖት ለማስለወጥ ይሰብኩ ነበር። ሕዝቡ ተከፋፈለ፣ ተጨነቀ። እ.ኤ.አ. በ1862 አባ መሐሪ፣ ባሕሩ ለሙሴ እንደተከፈተ ለእነሱም እንደሚከፈት አምነው፣ ወደ ኢየሩሳሌም ጉዞ ጀመሩ። ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ተከተላቸው።

ትግራይ ላይ ግን ረሃብና በሽታ ፈጃቸው። ከተረፉት ከፊሉ እዚያው ሰፈረ፣ ከፊሉ ወደ ጎንደር ተመለሰ። ኢየሩሳሌምን አላዩም።

ታዲያ በምን ተጽናኑ? እንደ ወትሮው ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት አጥፍተው ሰንበትን አከበሩ። ለስግድ ጾመው ተራራ ወጡ፣ ጸለዩ፣ ከዚያም ወርደው አብረው በሉ። ችግሩ አላለፈም፤ ነፍስ ግን በየሳምንቱ ታርፍ ነበር። ተስፋውም በዚያ ዕረፍት እየታደሰ ከልጅ ወደ ልጅ ተላለፈ። ከ122 ዓመት በኋላ፣ በ1984፣ በዘመቻ ሙሴ ወገኖቻችን በሱዳን በኩል መጡ፤ እነሱም በመንገድ ብዙ ሰው ቀብረው ነው።

እኛ የቂርያት ማላኺ ወጣቶችም በሥራው፣ በውትድርናው፣ በቤት ኪራዩ ስንጨነቅ፣ ለማረፍ ችግሩ እስኪያልቅ አንጠብቅ። ዓርብ ማታ ስልኩን አስቀምጠን ከእናት ከአባታችን ጋር እንቀመጥ። ወላጆቻችንም፣ እባካችሁ፣ ባንጠይቃችሁም ንገሩን።